«ኦርጅናሉስ?»

በትራንዚተርነት በሠራሁባቸው ዓመታት አንዲት ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ስታቃጭል ኖራለች፦ «ኦርጅናሉስ?» አንድ ጊዜ የደንበኛዬ ኦርጅናል ሰነድ መንገድ ላይ ጠፍቶ ዕቃው መጋዘን ከረመ። ኮፒ አቀረብን፣ ለመንን፣ ተመላለስን። ሲወጣ የመጋዘን ኪራዩ ትርፉን ጨርሶት ነበር። ለዚህ ይሆናል የጉስታቨስ ከኒንግሃምን ታሪክ ሳነብ ከመድፉ ይልቅ ወረቀቱ የያዘኝ።

ከኒንግሃም የአየርላንድ ሰው ነው፤ ዶኔጋል ተወልዶ፣ ፊላደልፊያ በመርከብ ንግድ ላይ ወደነበረ ዘመዱ ሄዶ፣ እዚያው የንግድ መርከብ ካፒቴን ሆነ። በ1775 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ፣ ባሩድና የጦር ዕቃ እንዲያመጣ «ቻርሚንግ ፔጊ» በምትባል መርከብ ወደ አውሮፓ ተላከ። ሆላንድ ላይ እንግሊዞች ነቁበት። ጭነቱም መርከቧም ቀሩና ሰው አገር ባዶ እጁን ቆመ።

ያነሣው ፓሪስ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ፍራንክሊን እጅ የአሜሪካ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ጆን ሃንኮክ የፈረመባቸው፣ የስም ቦታቸው ግን ክፍት የሆነ የሹመት ወረቀቶች ነበሩ። በአንዱ ላይ የከኒንግሃም ስም ተሞላ፤ ቀኑ ማርች 1 ቀን 1777። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዚያ ዘመን የጠላትን የንግድ መርከብ የሚማርክ ሰው ይህን የመሰለ ወረቀት ካለው ወታደር ነው፣ ቢያዝም የጦር እስረኛ ይሆናል። ከሌለው የባሕር ወንበዴ ነው፤ የወንበዴ ቅጣት ደግሞ ገመድ ነው።

በሜይ 1777 ከፈረንሳይ ወደብ ከደንከርክ በአንዲት መርከብ ወጥቶ በእንግሊዝና በሆላንድ መካከል የምትመላለሰውን የፖስታ መርከብ ማረከ። ሲገባባቸው ካፒቴኑና ተሳፋሪዎቹ ቁርስ ላይ ነበሩ ይባላል። ምርኮውን ይዞ ደንከርክ ሲመለስ ግን ፈረንሳይ ገና ገለልተኛ ነበረችና የእንግሊዝ አምባሳደር ጮኸ። ከኒንግሃም ታሰረ፤ ወረቀቱም ተወስዶ ቬርሳይ፣ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ገባ። ከእስር ወጣ፤ ወረቀቱ ግን አልተመለሰለትም።

ቀጥሎ የያዛት መርከብ «ሪቬንጅ» ነበረች፤ ስሟ «በቀል» ማለት ነው። ከወደብ ለመውጣት ለንግድ የምትሄድ ተመስላ ዊሊያም ሆጅ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ዋስ ሆነላት። ከወጣች በኋላ የእንግሊዝ መርከቦችን መማረኳ ሲሰማ ሆጅ ባስቲል እስር ቤት ገባ። (ዋስ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ይገባዋል።) ከኒንግሃም በአሥራ ስምንት ወር ገደማ ወደ 60 መርከብ እንደማረከና እንዳወደመ ይነገራል። የባሕር ኢንሹራንስ ዋጋ ወጣ፣ የእንግሊዝ ነጋዴም ጭነቱን በራሱ አገር መርከብ መላክ ፈራ። መድፍ ብቻውን ይህን አያደርግም። የነጋዴ ቀበቶ የት ጋ እንደሚላላ የሚያውቅ ነጋዴ ግን ያደርገዋል።

በ1779 እንግሊዞች ኒው ዮርክ አካባቢ ያዙት። እግር ብረት አስገብተው፣ እንደ ወንበዴ ቆጥረው እንግሊዝ ወሰዱት። ኮንግረሱ በተራው የእንግሊዝ እስረኞች ላይ እበቀላለሁ ብሎ ዛተ። ፕሊመዝ ካለው ሚል እስር ቤት ግን ከሌሎች እስረኞች ጋር በግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ራሱ አመለጠ። በማግስቱ ዓመት እንደገና ተያዘ።

ጦርነቱ አልቆ የባሕር ኃይል ማዕረጉና ድካሙ እንዲታሰብለት ኮንግረሱን ሲጠይቅ፣ ሹመቱ ለጊዜያዊ ዘመቻ ብቻ ነበር ተባለ። እንዳይከራከር ወረቀቱ ቬርሳይ ቀርቷል። ዓመታት ተመላለሰ፤ አልተሳካለትም። በ1819 ፊላደልፊያ ውስጥ ሞተ።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ፓሪስ ውስጥ የታዋቂ ሰዎችን ፊርማ የሚነግድ አንድ ሱቅ የሽያጭ ዝርዝሩን ሲያወጣ፣ ያቺ የማርች 1 ቀን 1777 ወረቀት ዋጋ ተቆርጦላት ከሌሎቹ መካከል ነበረች።