«የንግድ ስም» እና «የንግድ ምልክት»፦ የሁለት ስያሜዎች ልዩነትና ለአነስተኛ ነጋዴ ያለው ፋይዳ

ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ አርባ ይደርሳል። ሁለቱም ከተሞች የሚጠሩት በአንድ ወንዝ ስም ሲሆን የሚለያዩት በተከተላቸው ቁጥር ነው። «አዋሽ» ብቻ ቢባል ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ «ሰባት» ወይም «አርባ» ሲባል ግን ጥያቄው ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «የንግድ ምልክት» የተባለው ስያሜም የቆመው ለዚሁ ተግባር ነው፤ ይኸውም አንዱን ከሌላው ለመለየት።

በአነስተኛ ንግድ የተሠማሩ ሰዎች «የንግድ ስም»፣ «የንግድ ምልክት»፣ «ማርካ» እና «ብራንድ» የሚሉትን ቃላት እያፈራረቁ ይጠቀሙባቸዋል። በዕለት ንግግር ይህ ብዙ አያስነቅፍም። በሕግ ፊት ግን አንዱን ቃል በሌላው ቦታ ማስገባት ገበያን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ስለሚችል፣ የስያሜዎቹን ድንበር ለይቶ ማሳየት የመዝገበ ቃላት ሥራ ድርሻ ነው እንላለን።

1. ሁለቱ ስያሜዎች

«የንግድ ስም» ነጋዴው ንግዱን የሚያካሂድበት መጠሪያ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ የታወቀ ሲሆን በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግም ቦታውን ይዟል። ስሙ የሚያመለክተው ሰውየውን ወይም ድርጅቱን ነው።

«የንግድ ምልክት» ግን የሚያርፈው በዕቃው ወይም በአገልግሎቱ ላይ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችልን በዓይን የሚታይ ማንኛውንም ምልክት በዚህ ስያሜ ይጠራዋል። ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የመያዣው ቅርጽ፣ እንዲሁም የእነዚህ ቅንብር ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በአዋሽ አርባ የግመል ወተት በጠርሙስ አድርጋ ለመንገደኛ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። የንግድ ፈቃድ አላት፤ በፈቃዷም ላይ የንግድ ስሟ ሰፍሯል። በጠርሙሱ ላይ የለጠፈችውም ጽሑፍ በዚሁ የተጠበቀላት ይመስላታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ነጋዴ ያንኑ ጽሑፍ ለወተት በንግድ ምልክትነት ቢያስመዘግብ ግን፣ ፈቃዷ የሚመሰክረው እርሷ ማን እንደ ሆነች እንጂ የጠርሙሱ ጽሑፍ የማን እንደ ሆነ አይደለም። በአዋጁ መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚጸናው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነውና፣ ደንበኛ ያፈራችበትን ጽሑፍ ለማስመለስ ክርክሩን የምትጀምረው ከደካማ ስፍራ ነው። የአንድ ቃል መምታታት ያመጣው ጉዳት ይህ ነው።

2. የተጸውዖ ስምና የወል ስም

ሰዋስው ስምን የተጸውዖና የወል ብሎ እንደሚከፍል የታወቀ ነው። የንግድ ምልክትም ከተጸውዖ ስም ወገን መሆን ይገባዋል። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠን ወይም የተገኘበትን ስፍራ ብቻ የሚገልጽ ቃል ለአንድ ሰው በብቸኝነት አይሰጥም። ስለዚህ ነጋዴዋ «የግመል ወተት» ወይም «ንጹሕ ወተት» የሚለውን የራሷ ልታደርገው አትችልም፤ ቃሉ የሁሉም ወተት ሻጭ መሣሪያ ነውና። በአፋርኛ ወተት ማለት የሆነውን «ሐን» ብትመርጥም ችግሩ ያው ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ ለሚኖረው ገዢ ቃሉ የወል ስም ነው። ያንኑ ቃል ለጫማ ብታውለው ግን የዕቃውን ባሕርይ ስለማይገልጽ የመለየት ኃይል ያገኛል።

አንድ ቃል በተለያዩ የዕቃ ክፍሎች ውስጥ ለተለያዩ ባለቤቶች ሊያገለግል መቻሉም ከዚሁ ይከተላል። በዓለም አቀፉ የኒስ አመዳደብ ዕቃና አገልግሎት በ45 ክፍሎች ይመደባሉ። ወይን ጠጅ በ33ኛው፣ የባንክ ሥራ በ36ኛው ክፍል ነው። አዋሽ ወይንና አዋሽ ባንክ በአንድ ወንዝ ስም እየተጠሩ ገዢን የማያደናግሩት፣ ወይን ሊገዛ የወጣ ሰው ባንክ ስለማይገባ ነው።

3. የሞክሼ ፊደላት ነገር

የአማርኛ ጽሕፈት የራሱን ጥያቄ ያስነሣል። «ፀሐይ» የሚለው ምልክት አስቀድሞ ቢመዘገብ፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ለዚያው ዕቃ ሊጠቀምበት ይችላልን? በእኛ አስተያየት አይችልም። ሞክሼ ፊደላት በመልክ እንጂ በዛሬው የአማርኛ ድምፅ አይለያዩም፤ ዕቃውን በአፉ ጠርቶ የሚገዛው ደንበኛ ልዩነቱን አይሰማውም። መመሳሰል የሚመዘነው በመልክ ብቻ ሳይሆን በድምፅና በትርጉምም ጭምር መሆን አለበት።

4. ምልክት የወል ስም ሲሆን

ምልክት በጣም ሲታወቅ የሚያሰጋው ሌላ አደጋ አለ። በአገራችን የታሸገ ውሃ በ«ሃይላንድ» ስም ከተለመደ ወዲህ፣ ስሙ ለማንኛውም የላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል። በአዋሽ አርባ ሐሩር የውሃ ጥም የያዘው መንገደኛ «ሃይላንድ ስጡኝ» ሲል የማንን ምርት እንደሚፈልግ መናገሩ አይደለም። ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ «ባጃጅ»፣ የልብስ ማጠቢያው ዱቄት «ኦሞ» መባሉም እንዲሁ ነው። በውጭ አገርም «አስፕሪን» በአሜሪካ እ.አ.አ. በ1921፣ «ቴርሞስ» በ1963 የወል ስም መሆናቸው በፍርድ ቤት ተወስኗል። ስለሆነም መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ቃል ሲመዘግብ ከንግድ ምልክት የመጣ መሆኑን ማመልከት አለበት እንላለን።

የቡናችን ታሪክም የዚሁ ክርክር ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2005 «ሐረር»፣ «ሲዳሞ» እና «ይርጋጨፌ» የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ፣ «ሲዳሞ»ን ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ «ሽርክና» ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋር አጣምሮ በ2004 አስቀድሞ አመልክቶበት ነበር። ኩባንያው ማመልከቻውን በ2006 ቢተውም፣ ስሙ የወል የቡና መጠሪያ ሆኗል የሚል ተቃውሞ ተነሣ። በ2007 ከኩባንያው ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ምዝገባውም በመጨረሻ ተሳካ። አገርን ያከራከረው ጥያቄ በመሠረቱ የሰዋስው ጥያቄ ነበር፤ ቃሉ የወል ነው ወይስ የተጸውዖ?

5. የምናቀርባቸው ፍቺዎች

የንግድ ስም፦ ነጋዴው የሚጠራበት።
የንግድ ምልክት፦ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ የሚለይበት።
የወል ምልክት፦ የአንድ ማኅበር አባላት በጋራ የሚጠቀሙበት። ለምሳሌ ሰሌን የሚሠሩ ሴቶች በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢደራጁ ይህ ይስማማቸዋል።
ብራንድ፦ በምንጭ ቋንቋው በእሳት መተኮስን የሚያመለክት ሲሆን፣ ዛሬ ዕቃው በገዢው ዘንድ ያተረፈውን ስምና ግምት ሁሉ ይይዛል፤ ስለዚህ «የንግድ ምልክት» ለሚለው የሕግ ስያሜ ምትክ ሊሆን አይገባም።

ከብቱን በጎሣው ምልክት ተኩሶ ለሚለይ አርብቶ አደር ይህ አሳብ ባዕድ አይደለም። አዲስ የሚሆነው የምዝገባው ሥርዓት ነው፤ ምልክቱ በአዕምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲመዘገብ ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ፈቃድ የሚሰጡ ሠራተኞችም ለነጋዴው ሁለቱን ስያሜዎች ለያይተው ቢነግሩት፣ ለጠርሙሱ ጽሑፍ ሌላ ማመልከቻ እንደሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል።