ከሥዕሉ ግርጌ የተደፉት

ወር በገባ በ21 በአቃቂ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ የሚሸጡት የማርያም ሥዕሎች የማተሚያ ቤት ሥራ ናቸው። የታተመ ቅዱስ ሥዕል ወደ አገራችን መምጣት የጀመረው ግን ዛሬ አይደለም። ከ1557 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያን፣ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የማርያም ሥዕል ቅጂዎች አስገብተዋል። በ1591 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ደግሞ በእንጨት ተቀርጸው በታተሙት ሥዕሎቹ ለጎንደር የብራና ሠዓሊዎች ንድፍ ሆኗል። ዓፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ሲያባርር ሥዕሉ ግን እዚሁ ቀረ።

ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የተጠመዱት ማን ከማን ቀዳ በሚለው ጥያቄ ነበር። የስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የ1983 መጽሐፍ እስካሁን የማይታለፍ ነው፤ ነገር ግን የቅጂውን መንገድ ማወቅ ብቻውን ማን ለምን እንዳሣለው አይነግረንም።

የሥዕልና የሥልጣን ግንኙነት ከኅትመቱ ይቀድማል። ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የማርያምን በዓላት አበዛ፤ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ። ማሪሊን ሄልድማን በ1994 መጽሐፏ ያጠናችው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የዚያ ዘመን ሰው ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም በማለታቸው ከንጉሡ የደረሰባቸውን ግፍ ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ በመለሰው ገድላቸው ማንበብ ይቻላል። ለአንዲት እናት ሥዕል መስገድ ለንጉሡ መታመን መለኪያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። በፍቅር የተሣለውን ሥዕል ያለዚህ ታሪክ የሚያይ ግማሹን አይቶ ይሄዳል።

የሮሟ ማርያም በእጇ የያዘችው መሐረብ በቢዛንታይን የባለሥልጣን ምልክት ነበር። የእኛ ሠዓሊዎች መሐረቡን ሳይተዉ ግራና ቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው አቆሙላት። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ጭማሪ ከቅጂው ይበልጣል፤ ሥዕሉን የቤተ መንግሥት ችሎት አድርጎታልና።

ለዚህ ማሳያ የምትሆነው እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደቅ ደሴት ባሠራችው ናርጋ ሥላሴ ከማርያምና ከልጇ እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። ባሏ ዓፄ በካፋ በ1730 ሲሞት ሕፃኑ ኢያሱ ነገሠ፤ እሷም ዘውድ ጭና በልጇ ስም አገር አስተዳደረች። እናት በልጇ፣ ልጅም በእናቱ ጭን ከሚከብሩበት ከዚህ ሥዕል የተሻለ ለሥልጣኗ ማስረጃ የሚሆን ከየት ይገኛል? ክሌር ቦስክ-ቲዬሴ በ2008 ባሳተመችው ሥራ የጣናን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ከነገሥታቱ ፖለቲካ ጋር አያይዛ ታነባለች። የምንትዋብን መደፋት ግን የሴት ዝቅታ አድርጎ መተርጎም አያስኬድም። ሥዕል ያሠሩ ወንድ መኳንንትም እንዲሁ በግርጌ ተደፍተው ተሥለዋል።