ለበረሃ አዳኝና ለመስክ ሠራተኛ የሚሆን ጂፒኤስ

ወደ አፋር በረሃ ለመስክ ሥራ የታዘዘ ወጣት ባለሙያ፣ ወይም ሕጋዊ ፈቃድ አውጥቶ ለአደን የሚወርድ ሰው፣ ስንቁንና ውሃውን ካሰናዳ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የትኛውን ጂፒኤስ ልግዛ? ነጋዴው ውድ የሆነውን ያሳየዋል። የመሣሪያው ዋጋ ግን በበረሃ ውስጥ ለሚደርሰው ችግር ሁሉ መልስ አይሆንም።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አስፋልቱን ላልለቀቀ መንገደኛ ጂፒኤስ ጌጥ ነው። ወደ አላይደጌ ሜዳ ወይም ወደ ያንጉዲ ተራራ ግርጌ ለገባ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሜዳው ሁሉ አንድ ይመስላል፤ በእኩለ ቀን ጥላ ስለሚያጥር አቅጣጫ መለየት ያስቸግራል፤ የያዙትም ውሃ ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ፣ አዋሽ እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ ሲደርስ የመሩት ወንዙ ራሱና የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ወንዙን ትቶ የሚሄድ የዛሬ ሰው ያንን መሪ የሚተካለት ነገር ያስፈልገዋል።

ለአዳኝ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለበት። በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አደን የተከለከለበት ነው፤ ያንጉዲ ራሳም እንዲሁ። ከመጥፋት አፋፍ ላይ ያለው የአፍሪካ የዱር አህያ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ይኸው የአፋር ምድር ነው። በወረቀት ላይ የተሰመረው ወሰን ግን በቁጥቋጦ መካከል አይታይም፤ አጥርም የለውም። ስለዚህ የወሰኑን ነጥቦች ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተቀብሎ፣ ከመነሣቱ በፊት በመሣሪያው ውስጥ ያልጫነ አዳኝ ጠመንጃውን ባይዝ ይሻለዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በአሠራሩ ላይ ነው። ጂፒኤስ የስልክ ኔትዎርክ አይፈልግም፤ ከሰማይ የሚመጣውን የሳተላይቶች ምልክት ብቻ ይቀበላል። ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝ ያለንበትን ቦታና ከፍታ ያሰላል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ያቆመው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ርካሹ መሣሪያ እንኳ ሰማዩ ግልጥ በሆነበት ሜዳ ከጥቂት ሜትሮች በላይ አይሳሳትም። እንግዲህ በአፋር ሜዳ ላይ ለሚሄድ ሰው ስለ ምልክት ጥራት ብሎ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም ማለት ነው።

«በኪሴ ያለው ስልክስ?» የሚል ይኖራል። ካርታው አስቀድሞ ከተጫነበት ይሠራል። ነገር ግን የአይፎን አምራች ራሱ ስልኩ ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እንዲሠራበት ይመክራል፤ በሰመራ ግንቦትና ሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። የጋለ ስልክ ራሱን ያጠፋል፤ ያውም በሚፈለግበት ሰዓት።

ከሁሉ የሚበልጠው የባትሪ ጉዳይ ነው። እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ ያለው መሣሪያ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች እስከ 25 ሰዓት ይሠራል። ጂፒኤስማፕ 67 የተባለው በውስጡ ባለው ባትሪ እስከ 180 ሰዓት ይቆያል፤ ካለቀበት ግን ቻርጅ ማድረጊያ መፈለግ ግድ ነው። እኔ ብጠየቅ ድንጋይ የሚበላውን እመርጣለሁ፤ የባትሪ ድንጋይ በትንሽ ከተማ ሱቅም ይገኛል። በመነካት ከሚሠራ መስተዋትም በላብ የራሰ ጣት የሚጫነው ቁልፍ ይሻላል። በሳተላይት መልእክት የሚልኩትን ዓይነቶች ግን የመገናኛና የጉምሩክ ሹሞችን ሳይጠይቁ ከውጭ አገር ይዞ መምጣት አይገባም።

አሁን ለወጣት ባለሥልጣናት በተለይ የሚጠቅመውን ልናገር። በየቢሮው የሚገኙት የቀድሞው የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የምድር ልኬት መነሻ ነው፤ ጂፒኤሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚጠቀመው ደግሞ ዳብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። በአገራችን የሁለቱ ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። በቁጥቋጦ የተሸፈነ የውሃ ጉድጓድ በ200 ሜትር ቢስቱት ማለፍ ነው። እንግዲህ ሲገዙ አዲንዳን በምርጫው ውስጥ መኖሩን ማየት፣ ከጉዞ በፊትም በካርታው ላይ በግልጥ በሚታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ፣ ቆሞ ማመሳከር ይበጃል።

የቁጥር አጻጻፍም ሰው ያጠፋል። ሰመራ የምትገኘው በ11 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዱ ይህን በሬዲዮ ሲናገር ሌላው 11.47 ብሎ ቢጽፈው፣ የሚላከው የነፍስ አድን መኪና ወደ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ ይወርዳል። አንድ ቡድን ሲወጣ ሁሉም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መስማማት አለበት።

መሣሪያው የማያውቀውም ብዙ ነው። በአሮጌው ካርታ ላይ ግጦሽ የነበረው የአሚባራና የገዋኔ ሜዳ ዛሬ በብዙ ስፍራ አፋሮች «ደርጊ ሐራ» በሚሉት በፕሮሶፒስ እሾህ ተዘግቷል። ምድሩም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት መሬቱ ተከፍቶ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈንታሌ ርዕደ መሬት ብዙ ሰው ከቀየው አፈናቅሏል። ቀስቱ «በቀጥታ ሂድ» ሲል በመካከል ያለውን ገደል አያይም።

ይህን የሚያውቀው የአፋሩ መሪ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ አፋሮች ተቀምጠው ዳጉ ሲለዋወጡ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ የማን ከብት የት እንደሰፈረ ይነጋገራሉ። ያን ጊዜ ለመሄድ መቸኮል አይገባም፤ ዳጉው እስኪያልቅ ቆይቶ መሪውን መጠየቅና የሰሙትን ከቀኑ ጋር መጻፍ ነው። ጉድጓዱ ላይ ሲደርሱም ነጥቡን መሣሪያው ራሱ በሚሰጠው «001» በሚል ቁጥር ከማስቀረት፣ መሪው በሚጠራበት በአፋርኛ ስሙ መመዝገብ ይገባል። በሚመጣው ዓመት ሌላ ሠራተኛ ያንኑ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ፣ ስሙን ጠርቶ ከአገሩ ሰው ውሃው መኖር አለመኖሩን መጠየቅ የሚችለው እንዲህ ከሆነ ነው።