ውሃ የሚያሞቅ ምድጃና የተከላው ጥንቃቄ

የጋዝ መስመር ባልደረሰባቸው የአየርላንድና የብሪታንያ ገጠሮች፣ ሳሎን ውስጥ የሚነደው ምድጃ ክፍሉን ከማሞቅ አልፎ የቤቱን ራዲያተሮችና የመታጠቢያውን ሙቅ ውሃ ጭምር የሚመግብበት አሠራር ዛሬም አልቀረም። ባለቦይለር ምድጃ የሚባለው ይህ መሣሪያ ከፊት ለፊቱ ሲታይ ባለመስታወት በር የብረት ምድጃ ብቻ ይምሰል እንጂ፣ ከእሳቱ ጀርባ ወይም በዙሪያው ውሃ የሚመላለስበት ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ሳጥን አለው፤ ቀዝቃዛው ውሃ በታች ገብቶ፣ የእሳቱን ሙቀት ተቀብሎ፣ በላይ በኩል ወደ ቧንቧዎቹ ይወጣል። እንጨት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ወይም በአየርላንድ እንደተለመደው ከረግረጋማ መሬት ተቆርጦ በፀሐይና በነፋስ የደረቀ ፒት (የዕፅዋት ብስባሽ) ይነድበታል።

የኢትዮጵያ የከተማ ነዋሪ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ውሃው በበቂ ሁኔታ ሲሞቅ ራሱ ኃይሉን ያቋርጣል፤ መብራት ከጠፋም ማሞቁን ያቆማል። የማገዶ እሳት ግን በማብሪያ ማጥፊያ አይታዘዝም። የአየር መግቢያው ቢዘጋ እንኳ ምድጃው ውስጥ ያለው ፍም ለረጅም ጊዜ ሙቀት መስጠቱን ስለሚቀጥል፣ ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ በመብራት መጥፋት ምክንያት በቆመ ጊዜ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት እንደሚወጣው ሲታሰብ፣ መውጫ የሌለው ቦይለር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ የተከላው ሥራ ሁሉ የሚዞረው፣ ፓምፑ በቆመ ሰዓት ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው፤ ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ተከላ፣ ምድጃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ እሳት ሊለኮስበት አይገባም።

መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ከራሱ ከውሃው ጠባይ ነው። ውሃ ሲሞቅ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ስለሚከብድ ወደ ታች ይመለሳል፤ በመሆኑም የሙቅ ውሃው ማጠራቀሚያ ከምድጃው በላይ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ፎቅ፣ ተቀምጦ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው የመዳብ ቧንቧዎች ከቦይለሩ ጋር ቢገናኝ፣ ውሃው ያለ ምንም ፓምፕ ሲመላለስ ይኖራል። ለዚህ ግን ቧንቧው ከምድጃው እስከ ማጠራቀሚያው ድረስ ሳያቋርጥ ሽቅብ መውጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት እንኳ ወደ ታች ቢጎብጥ፣ ከጉብጠቱ በፊት ባለው ከፍታ ላይ አየር ተጠራቅሞ ዝውውሩን ይገታል፤ ባለቤቱም ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ውስጥ የመንኳኳት ድምፅ መሰማት ሲጀምር ነው። ፕላስቲክ ቧንቧ በዚህ ክፍል ላይ ቦታ የለውም፤ የሙቀቱን መጠን አይችልምና።

ማጠራቀሚያው ውሃ ሞልቶ ከጋለ በኋላ የሚተርፈውን ሙቀት እንዲቀበል፣ በዚሁ ፓምፕ በሌለው መስመር ላይ አንድ ራዲያተር ይታከላል። ሙቀት ማፍሰሻ የሚባለው ይህ ራዲያተር ከሌሎቹ የሚለየው በእጅ የሚዘጋ ቁልፍ የሌለው በመሆኑ ነው፤ የቤቱ ሰው ክፍሉ ሞቀኝ ብሎ ሊዘጋው አይችልም፣ እንዲችልም አይፈለግም። ከዚህ በተጨማሪ ከቦይለሩ አናት የሚነሳ፣ ቢያንስ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመተንፈሻ ቧንቧ ወደ ጣሪያው ወጥቶ፣ እዚያ በተቀመጠች አነስተኛ ታንከር ላይ አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ ታንከሯ በበኩሏ የጎደለውን ውሃ ትተካለች፣ በሙቀት የተለጠጠውንም ትቀበላለች። በመተንፈሻው መስመር ላይ ቫልቭ መግጠም ቦይለሩን ክዳኑ እንደተቆለፈ ድስት ማድረግ ስለሆነ፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ከእሱ የከፋ ስህተት የለም።

በአህጉራዊ አውሮፓ በስፋት የሚሠራበት ሌላ መንገድ ዝግ ሥርዓት ነው። በዚህ አሠራር ቦይለሩ ውስጥ የማቀዝቀዣ ጥቅል ቧንቧ ይኖራል፤ የውሃው ሙቀት 95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ አንድ ቫልቭ ያለ ኤሌክትሪክ በራሱ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ በጥቅሉ ውስጥ አሳልፎ ትርፉን ሙቀት ወደ ፍሳሽ ይጥለዋል። ቀዝቃዛው ውሃ መብራት በጠፋ ጊዜም የሚደርስ መሆን ስላለበት፣ ውሃውን ከጉድጓድ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለሚስብ ቤት ይህ ዘዴ አይሆንም።

የምድጃው መጠን ሲመረጥ ሁለት ቁጥሮች ተለይተው ይነበባሉ። ጠቅላላ ኃይሉ 14 ኪሎ ዋት የሆነ ምድጃ ለምሳሌ 9 ኪሎ ዋቱን ለውሃው፣ 5 ኪሎ ዋቱን ለክፍሉ ሊሰጥ ይችላል። 150 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 8.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ይህ ምድጃ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ማጠራቀሚያውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሞቀዋል። ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይገኛል፤ የምድጃው ብቃት 75 በመቶ ነው ቢባል፣ ለክፍሉ የሚሄደው ድርሻ ተቀንሶ፣ ለዚያ አንድ ማጠራቀሚያ ውሃ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ እንጨት ይነዳል ማለት ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ምድጃ መግዛት ብዙዎች እንደ ጥንቃቄ ቢቆጥሩትም ጉዳት ነው፤ አየሩ ታፍኖ በዝግታ የሚነድ እሳት ጭሱ ይበዛል፣ መስታወቱን ያጠቁራል፣ ጭስ ማውጫውንም ይደፍናል።

ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ እጅግ ቀዝቃዛ ከሆነም ተመሳሳይ ችግር ይመጣል፤ በቀዘቀዘው የቦይለር ግድግዳ ላይ የጭሱ እርጥበት ወደ ውሃነት ተለውጦ፣ ከጥቀርሻ ጋር ተዋህዶ ሬንጅ የሚመስል ዝቃጭ ይጋግርበታል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ይህን ለመከላከል ሙቁን ውሃ ከተመላሹ ጋር ቀላቅሎ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ 55 ዲግሪ ያህል እንዲሆን የሚያደርግ ቫልቭ ይገጠማል።

የጭስ ማውጫው ነገር የቧንቧውን ያህል ይከብዳል። በእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ መመሪያ መሠረት ጭስ ማውጫው ከምድጃው መውጫ እስከ ጫፉ 4.5 ሜትር ቁመት ቢኖረው በአብዛኛው በቂ ሲሆን፣ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ያለው የተሰነጣጠቀ የጡብ ማውጫ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ቱቦ ከውስጥ ይለበጣል። ትልልቅ ምድጃዎች ለማቃጠያ የሚሆናቸው አየር ከውጭ በቋሚ ቀዳዳ ሊገባላቸው ይገባል። ነፋሱን ለመከላከል ይህን ቀዳዳ በጨርቅ መወተፍ በከሰል ጭስ ታፍኖ ለመሞት መንገድ መክፈት ነው፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ዝግ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የከሰል ማንደጃም ሆነ ከዘመናዊ ምድጃ ቢወጣ ገዳይነቱ አንድ ነው። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ምድጃ ሲተከል ይህን ጋዝ የሚለይ የማንቂያ ደወል አብሮ መገጠሙ ግዴታ ነው።

ማገዶውም እንደ ቀድሞው ባለቤቱ ያሻው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለቀናት ከሸፈነውና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከገደለው የከሰል ጭስ ጉም በኋላ፣ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ ደብሊን በ1990 ጭሳማ ከሰል እንዳይሸጥባት ተደረገ፤ እንግሊዝም ከ2021 ጀምሮ በትንሽ መጠን የሚሸጥ የማገዶ እንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገች። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ ሊሆን ስለሚችል፣ ተፈልጦና ነፋስ በሚያገኘው መጠለያ ተደርድሮ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቆያል። የራሱ ደን ወይም የእንጨት ምንጭ ለሌለው የከተማ ነዋሪ፣ የማገዶው ዋጋና ለጎረቤት የሚተርፈው ጭስ ሲታሰብ፣ ይህ ምድጃ የሚመረጥ አይደለም።

ነባር ቤት የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ሊመረምር ይገባል። ከአሮጌ የግድግዳ ምድጃ ጀርባ አገልግሎቱ ያበቃ ቦይለር ቧንቧው ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ጥቂት ውሃ ቀርቶ ፊት ለፊቱ አዲስ እሳት ሲነድ፣ በብሪታንያ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ፈንድተው ሰው ገድለዋል። ስለዚህ ወይ ተነቅሎ ይወጣል፣ ወይም ውሃው ተደፍቶ በበርካታ ቦታ ይበሳል።

ተከላው ሲያበቃ ባለሙያው እሳቱን አንድዶ፣ ውሃው በሚገባ ከሞቀ በኋላ የፓምፑን ኤሌክትሪክ ሆን ብሎ ያቋርጣል፤ ከዚያም ማጠራቀሚያውና ሙቀት ማፍሰሻው ራዲያተር ያለ ፓምፕ መሞቅ መቀጠላቸውን በእጁ እየዳሰሰ፣ ከመተንፈሻው ቧንቧ ፍል ውሃ እንዳይተፋ ጣሪያው ላይ ወጥቶ እየተመለከተ፣ ፍሙ እስኪከስም እዚያው ይቆያል።