የልጅዎ ሙያ በየትኛው ኮከብ ተጽፏል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አሁን ምን ይማር?» በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወላጅ የሚጨብጠው ቢያጣ አይገርምም። አንዱ ዘመድ «አካውንቲንግ ይሻለዋል» ይላል፤ ሌላዋ «ነርሲንግ ሥራ አያጣም» ትላለች። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮከቡን ለምን አታስቆጥሩለትም?» ይላል።

ይህን ምክር በአዲስ አበባ ሳሎንዎ ሰምተውት ይሆናል፤ ወይም ለበዓል ወደ ወገዳ፣ ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ወርደው ከአጎትዎ አንደበት። ከመሳቅዎም ከመቀበልዎም በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አብረን እንይ።

ስም፣ የእናት ስም፣ 12

ኮከብ ቆጣሪው የሚገልጠው «ዐውደ ነገሥት» የሚባለውን መጽሐፍ ነው። የልጁን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል። የቀረው ቁጥር ኮከቡ ነው። ድምሩ 137 ቢመጣ 12 አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቶ 5 ይቀራል፤ አምስተኛው ኮከብ አሰድ ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ እስከ ሑት የሚዘልቀው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ኮከብም እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውኃ ተብሎ ይመደባል፤ ከዚያ ስለ ጠባይ፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ትዳርና ስለ በሽታ ይነበባል።

ስሌቱን እርስዎም ይሞክሩት። 60 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ለ12 ኮከብ ቢከፋፈል በአማካይ ለአንዱ ኮከብ አምስት ልጆች ይደርሱታል። አምስቱም ነጋዴ ሊሆኑ ነው? በሒሳብ ጎበዙም፣ ደም ሲያይ የሚያዞረውም፣ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ሲፈታታ የሚውለውም አንድ ላይ?

የቻይናዎቹ እንጨት

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ከወረታ ተነስቶ በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን፣ በአገራቸው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ የቆየ ልማድ አላቸው። በሆንግ ኮንግ በዎንግ ታይ ሲን ቤተ መቅደስ ጠያቂው ተንበርክኮ 100 ቁጥር የተጻፈባቸው ቀጫጭን እንጨቶች የያዘ የቀርከሃ ቀፎ ይንጣል። አንዲት እንጨት ብቻ እስክትወድቅ ድረስ ጥያቄውን በልቡ ይዞ ይቆያል። በቁጥሯ ልክ የተዘጋጀ ግጥም አለ፤ ግጥሙን ደግሞ በአካባቢው ያሉ ፈቺዎች ይተረጉሙለታል። ስለ ሥራ መቀየር፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ፈተና የሚጠይቀው ብዙ ነው። በጃፓንም ተመሳሳይ ልማድ አለ፤ እዚያ ክፉ ዕጣ የደረሰው ሰው ወረቀቱን እዚያው ቤተ መቅደስ አስሮ ትቶት ይሄዳል።

ለምን «ልክ ነው» እንላለን?

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ማስታወቂያ ስንጽፍ እያንዳንዱ ሰው «ይሄ ለእኔ ነው» እንዲል እንፈልጋለን። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለተማሪዎቹ የጠባይ መግለጫ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ለራሱ የተጻፈ መሰለው፤ ትክክለኛነቱንም ከ5 በአማካይ 4.3 ያህል ሰጡት። ለሁሉም የታደለው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር። «ብልህ ነህ፣ ግን ሰው አልተረዳህም» ሲባል ያልተስማማ ልጅ አይተው ያውቃሉ?

አደጋው ግን ከቀልድ በላይ ነው። «ገዱ በትምህርት አይደለም» የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ያንን ቃል ይዞት ያድጋል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ጥንቆላን ያወግዛሉ፤ እምነቱን ብንተወው እንኳ፣ በልጁ ላይ የሚያርፈው ቃል ብቻውን ያሳስባል።

ጋይንት ሌላም መንገድ አላት

በዚያው ምድር በሥራ የተፈተነ የሙያ ምርጫ አለ፤ የአብነት ትምህርት ቤት። ተማሪው በንባብ ይጀምራል፤ ከዚያ እንደ ዝንባሌው ይለያያል። ድጓ የሚፈልግ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅኔ የሚፈልግ ወደ ዋድላ ይሻገራል። መምህሩ ድምፁን ይሰማል፣ ትዝታውን ይፈትናል፣ ትዕግሥቱን ያያል። የማይሆነውም ሌላ ጉባኤ ቤት ይሞክራል። «መምህር ነው» የሚባለው ኮከቡ ስላለ አይደለም፤ ዓመታት ቆይቶ ስላስመሰከረ ነው።

እርስዎስ ምን ያድርጉ?

*ጥያቄውን ያጥብቡ።* እንጨት የሚንጠው ቻይናዊ አንድ ጥያቄ ብቻ ይይዛል። «ምን ይሁን?» በጣም ሰፊ ነው። «ዘንድሮ ሪሚዲያል ይግባ ወይስ ቴክኒክና ሙያ?» ብለው ቢጠይቁ መልስ ሊገኝለት ይችላል።

*ያስሞክሩት።* እኛ አንድን ምርት ገበያ ከማውጣታችን በፊት በትንሹ እንሞክረዋለን። ልጅዎ ፋርማሲ ከፈለገ ፋርማሲ ያላትን አክስቱን ለሁለት ሳምንት ያግዛት። ጋራዥ ከሆነ ጋራዥ ይዋል። የወደደው ሥራውን ነው ወይስ ስሙን፣ ያኔ ይታወቃል።

*ዕጣ ካወጡም ፊቱን ይዩ።* ሁለቱን ምርጫ ወረቀት ላይ ጽፈው ልጅዎ አንዱን ያንሳ። ሲከፍተው ፈገግ ካለ ወይም ፊቱ ከጠቆረ፣ ያልነገረዎትን አወቁ ማለት ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ስቲቨን ሌቪት ባደረገው ጥናት ከ20,000 በላይ ሳንቲም የተወረወረው በሰዎች ውሳኔ ላይ ነበር፤ ለውጡን የመረጡት ከስድስት ወር በኋላ ይበልጥ ደስተኞች ሆነው ተገኝተዋል። ሳንቲሙ ስለሚያውቅ አይደለም፤ ለመወሰን ፈርተው የቆዩትን ስለገፋቸው ነው።

*የመመለሻ ቀን ይቁረጡ።* «ስድስት ወር ሞክር፤ ከዚያ አብረን እናያለን» የሚል ወላጅ ለልጁ የመሳሳት ዕድል ሰጥቶታል። «ኮከብህ ይህ ነው» የሚል ግን በሩን ዘጋበት።

ዘንድሮም ውጤት ይወጣል፤ ዘመድም ምክሩን ይዞ ይመጣል። አድምጡት፣ ቡናውንም አጠጡት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ለልጅዎ ያቅርቡ፤ «አንተስ፣ ቀኑን ሙሉ ብትሠራው የማይሰለችህ ምንድን ነው?»