ውጥረት፣ ጭንቀት፣ ቁስል፤ በበይነ መረብ ለሚሰጥ የንግግር ሕክምና የሚያስፈልጉ ቃላት

በቪዲዮ፣ በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት የሚሰጠው የሥነ ልቡና ሕክምና ከ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ እጅግ ተስፋፍቷል። በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ከቤቱ ሳይወጣ ከባለሙያ ጋር፣ አንዳንዴም በአስተርጓሚ በኩል፣ መነጋገር ይችላል። ሆኖም ሐኪሙ በመስኮቱ የሚያየው ቢበዛ ፊትና ትከሻ ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጡንና የእግር አለመርጋቱን አያይም። ስለሆነም ሸክሙ በቃል ላይ ይወድቃል፤ ቃሉ ደግሞ ገና አልተደላደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከ‹ጭንቀት› ነው። ተርጓሚዎቻችን ‹ስትረስ›ንም ‹አንግዛይቲ›ንም በዚህ በአንድ ቃል ይመልሳሉ፤ ‹ዲፕሬሽን› ሲመጣም ‹የመንፈስ› የሚል ቅጽል ጨምረው ያልፋሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውን ‹ጋድ ሰባት› የተባለውን መጠይቅ እንመልከት። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 7 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይቈጠራል። ሁሉም ጥያቄ ‹ተጨንቀዋል ወይ?› እየተባለ ከተተረጐመ ታካሚው የሚመልሰው አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ነው፤ ድምሩም ስለ ሕመሙ የሚናገረው ነገር ጥቂት ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ‹ጭንቀት› ለ‹አንግዛይቲ› ብቻ ቢቀር ይሻላል። የእንግሊዝኛው ቃል በላቲን መሠረቱ ማነቅንና ማጥበብን ያመለክታል፤ የእኛም ሰው ‹ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ› ሲል ሁለቱን አጣምሮ መናገሩ ነው። ‹ሥጋት› የሚፈራው ነገር ተለይቶ ሲታወቅ ይስማማል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ደረት ለሚያጠበው ስሜት ግን አይበቃም። ለ‹ዲፕሬሽን› በቅርቡ የተለመደው ‹ድባቴ› ከ‹ጭንቀት› ጋር ስለማይጋጭ እንቀበለዋለን።

ለ‹ስትረስ› የምናቀርበው ‹ውጥረት›ን ነው። ሐንስ ሴልዬ በ1936 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ጥናት ኋላ በዚህ ስም ሲጠራው ቃሉ በምሕንድስና ዘንድ ጫና ለተሸከመ ነገር ያገለግል ነበር። የእኛም ‹ወጠረ› ከቆዳና ከበገና ጅማት የመጣ ነውና መንገዱ አንድ ነው። ቃሉን ዜና አንባቢዎች ለድንበር ግጭት ይዘውታል የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል፤ ነገር ግን ‹በሥራ ተወጥሬያለሁ› የሚለውን ሠራተኛ የሚሰማ ሁሉ ነገሩ እንደማያደናግር ያውቃል።

ብዙ የሚያከራክረው ‹ትራውማ› ነው። በግሪክኛ ትርጉሙ በቀጥታ ቁስል ማለት ነው። በጽሑፎች ውስጥ ‹ጠባሳ› እየተባለ ሲተረጐም እናያለን፤ ይህን አንደግፍም። ጠባሳ የዳነ ቁስል ምልክት ነው፤ ወደ ሐኪም የመጣው ሰው ግን ገና አልዳነም። አማርኛ ደግሞ ላይ ላዩን ደርቆ ውስጥ ለውስጥ የሚብሰውን ቁስል ‹አመረቀዘ› ይላል፤ ከዚህ የበለጠ ገላጭ ግሥ ለማግኘት ይቸግራል። ‹ቁስል› ብቻውን ሲነገር የሥጋ ቁስል ስለሚመስል መጀመሪያ ላይ ‹የልቡና ቁስል› ማለት ይገባል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. በመመሪያ መጽሐፉ ሦስተኛ እትም ላይ ያስገባውን፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን ሕመም ‹ድኅረ አደጋ ሰቀቀን› ብንለው ደስ ይለናል። ሰቀቀን አደጋው ካለፈም በኋላ ሰውነት ውስጥ የሚቀረው ነው።

ከስያሜው ባልተናነሰ የአነጋገሩ ደንብ ያሳስባል። የእንግሊዝኛው መልእክት ሰውን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራል። ያ መልእክት ‹ዛሬ ምን ይሰማሃል?› ተብሎ ተተርጕሞ በሌሊት ከአሠሪዎቿ ተደብቃ ለምትጽፍ ሴት ቢደርሳት፣ ገና ከጅምሩ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላታል። ‹ይሰማዎታል› ጾታ ስለማይለይ ለመጀመሪያው መልእክት ይመረጣል፤ ርቀት ይፈጥራል የሚሉ አሉ፣ እውነትም ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው ቀጥሎ እንዴት ልጥራዎት ብሎ ይጠይቅ።

ባለሙያው ንግግሩን ሲጀምር ታካሚው የት እንዳለና የሚሰማው ሰው መኖር አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ አጣዳፊ ነገር ቢደርስ እርዳታ የሚላከው በዚህ ነውና። ይህን ‹ብቻዎን ነዎት?› ብሎ መተርጐም ስለ ብቸኝነት መጠየቅ ይሆናል። ታካሚው ስለ ሕይወቱ ‹አዎን፣ ብቻዬን ነኝ› ሲል ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ‹ያሉበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አለ?› የሚለው ረዘም ቢልም አያሳስትም።

በመጨረሻ ስለ ‹ሞት›። በአማርኛ በሳቅም በሐፍረትም ‹ሞትሁ› ይባላል፤ ‹ምነው በሞትሁት› የሚለውም ብዙ ጊዜ ምሬት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሁልጊዜ አይደለም። አስተርጓሚው ‹አባባል ነው› ብሎ በራሱ ፈርዶ ‹በጣም አዝኗል› ቢል፣ ሐኪሙ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ሳይጠይቅ መስኮቱ ሊዘጋ ይችላል። ስለሆነም ቃሉን እንዳለ ይተርጕም፤ አባባል ሆኖ እንደሚነገርም ያክል፤ ራሱን ለመግደል አስቦ እንደ ሆነ መጠየቅ የሐኪሙ ነው።