ሐሳብና ግዴታ በእንግሊዝኛ አነጋገር፤ የሆሳዕና ነጋዴ ሊለያቸው የሚገቡ ቃላት

በሆሳዕና ገበያ አንድ ደንበኛ ወደ ሱቅ ገብቶ ሲጣራ፣ ባለሱቁ ከጓዳ ሆኖ «መጣሁ!» ብሎ ይመልሳል። ገና አልመጣም፤ የተሸከመውን ኩንታል እንኳ ከትከሻው አላወረደም። ሆኖም ደንበኛው «ዋሸኝ» ብሎ አይቀየመውም፤ ወዲያው እንደሚመጣ የሚነገርበት ልማድ ይህ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉና። የጭነት ደላላውም መኪናው ቡታጅራን ሳያልፍ «ዕቃው ደረሰ» ይላል፤ በዚህኛው እንኳ አልፎ አልፎ ጠብ ተነሥቶበታል።

አማርኛ ገና ያልተፈጸመውን ነገር የሚናገርበት መንገድ ሰፊ ነው። «እልካለሁ» የሚለው አንድ ቃል ዘወትር የሚደረገውንም፣ ነገ የሚደረገውንም፣ ቃል የተገባበትንም ይሸከማል። የከምባትኛም ግሥ እንዲሁ ዛሬንና ነገን በአንድ መልክ ይይዛል። የትኛው እንደ ታሰበ የሚታወቀው ከተናጋሪው ፊት፣ ከድምፁና ከቀድሞ ጠባዩ ነው። ደብዳቤ ግን ፊትም ድምፅም የለውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ደግሞ ሐሳብ፣ ዝግጅት፣ ተስፋና ግዴታ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቃል ሊገለጹ ስለሚችሉ፣ ሁሉን በ«እልካለሁ» እየተረጎመ የሚያነብ ነጋዴ ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

አንድ የሾኔ ነጋዴ ከውጭ አገር አቅራቢ ዘንድ ስለ ውኃ መሳቢያ ሞተር ጠይቆ «ዊ ሆፕ ቱ ሺፕ ኢን ማርች» የሚል መልስ ደረሰው እንበል። አንባቢው «በመጋቢት እንልካለን» ብሎ ይተረጉምለታል፤ ማርች የሚገባው ከየካቲት 22 ጀምሮ መሆኑን እንኳ ሳያስታውስ። ነጋዴው በዚህ ተማምኖ የዕቁብ ዕጣውን ለዚሁ ያውላል፤ ከገበሬዎችም ቀብድ ይቀበላል። ሚያዝያ ይገባል፣ ሞተሩ የለም። ደብዳቤው ለሚያውቅ ሰው ሲታይ «ለመላክ ተስፋ እናደርጋለን» ከማለት በቀር አንዳች ነገር አልገባም። ገበሬዎቹ ግን የያዙት የነጋዴውን ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የተቀበለውን አጠፌታ ይመልሳል። አቅራቢው በተስፋ ተናገረ፣ ነጋዴው በግዴታ ታሰረ።

በዕለት ተዕለት ንግግር «ጎይንግ ቱ» የሚለው ተናጋሪው አስቀድሞ ያሰበውን ነገር ይገልጻል፤ «ልልክ አስቤአለሁ» እንደ ማለት ነው። «ዊል» በዚያው በሚነገርበት ቅጽበት የተቆረጠ ውሳኔ፣ ወይም የተሰጠ ቃል፣ አንዳንዴም ግምት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚፈልገው ይህ ተራ የሚመስለው ቃል ነው። «ዊ አር ሺፒንግ ኦን ፍራይደይ» የሚለውን ብዙ ሰው «በመላክ ላይ ነን» ብሎ ይረዳዋል፤ ፍቺው ግን «ለዓርብ ተዘጋጅቷል» ማለት ነው፤ ዕቃው ገና ከመጋዘን አልወጣም። «ሹድ አራይቭ» ሲሉም «ይደርሳል ብለን እንገምታለን» ማለታቸው ነው እንጂ ዋስ መሆናቸው አይደለም።

የ«ዊል» ጥንተ ትርጉም መፈለግ ነው፤ የ«ሻል» ደግሞ ዕዳ መኖር። ይህን ለመረዳት የሆሳዕና ነጋዴ ከእንግሊዙ የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ እርሱም «መቶ ብር አለብኝ» በሚልበት ቃል «መላክ አለብኝ» ይላልና። «ሻል» ዛሬ በተራ ንግግር «ሻል ዊ ጎ?» በመሰለ ጥያቄ ካልሆነ እምብዛም አይሰማም፤ በውል ወረቀት ላይ ግን አሁንም ግዴታን ለመጣል ይጻፋል። ይሁን እንጂ ፍቺው ስለ በዛ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ በ2007 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ሲጻፍ «ሻል» ወጥቶ በብዙው ቦታ «ማስት» ተተክቷል።

አማርኛ ራሱ የሚያሳስትበት አንድ ቦታ አለ። «ቅድሚያ መክፈል የለብህም» ሲባል፣ መክፈል ክልክል ነው ማለት ነው ወይስ ግዴታ አይደለም ማለት? ሁለቱንም ይሆናል። እንግሊዝኛ ይህን ፈጽሞ ይለያል፤ «ማስት ኖት» ክልከላ ነው፤ «ዶንት ሃቭ ቱ» ግን ግዴታ የለም፣ ቢፈልጉ ይቻላል ማለት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ቢያስብ አይበዛበትም።

ከዚህም ሌላ እንግሊዝኛ በየአገሩ አንድ አይደለም። ካለፉት ሃያ ዓመታት በላይ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በየመንደሩ «ስፓዛ» በሚባሉት ትናንሽ ሱቆች ይነግዳሉ። በዚያ አገር «ጀስት ናው እመጣለሁ» ያለ ሰው «አሁኑኑ» ማለቱ አይደለም፤ ከቆይታ በኋላ ማለቱ ነው፤ ቶሎ ማለት ከፈለገ «ናው ናው» ይላል። በለንደን «ጀስት ናው» ማለት «አሁን» ወይም «ከጥቂት ጊዜ በፊት» ነው። «ማስት»ም በደቡብ አፍሪካ ይለዝባል፤ «ማስት አይ ክሎዝ ዘ ዶር?» ቢባል «በሩን ልዝጋው?» እንጂ «የመዝጋት ግዴታ አለብኝን?» አይደለም። ከዚያ የተመለሰ ወጣት በሆሳዕና የደብዳቤ አስተርጓሚ ሲሆን ይህን ሳያውቅ ያመጣዋል፤ ከእንግሊዝ አገር አቅራቢ የመጣውን ጽኑ «ማስት» እንደ ምክር ቆጥሮ ሊያነበው ይችላል።

ባንክ ዘንድ ግን የንግግር ልማድ ዋጋ የለውም። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ቁጥር 600 የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ «ፕሮምፕት»፣ «ኢሚዲየትሊ»፣ «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» የመሳሰሉት ቃላት በሰነድ ውስጥ እንዲገቡ ካልተጠየቀ በቀር እንዳልተጻፉ ይቈጠሩ ይላል። ስለዚህ ቡና ላኪው ወይም አስመጪው «በቶሎ» አስብሎ ቢያስጽፍ፣ ባንኩ የሚያየው ባዶ ቦታ ነው። «ኦን ኦር አባውት» የሚለውን ሐረግ ግን ደንቡ ቀን ቆርጦለታል፤ ከተጻፈው ቀን አምስት ቀን በፊትና አምስት ቀን በኋላ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ቀን ሳይቀር ይቈጠራል። «ኦን ኦር አባውት ማርች 10» የሚል ሰነድ የያዘ የዱራሜ ነጋዴ፣ ዕቃው ከየካቲት 26 እስከ መጋቢት 6 ባለው ጊዜ ውስጥ ቢጫን ዘግይቷል ብሎ መከራከር አይችልም፤ በመጋቢት 7 ቢጫን ግን ይችላል።